የሁለት ሰው ድንኳን

ዓምሃ ድንኳኗን ያገኛት ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ነው። ሥራው ካርታ መንደፍ ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚነድፈውን አገር በእግራቸው እየዞሩ የሚለኩት ግን ሌሎች ናቸው። እነዚህ ለኪዎች ያረጀ ዕቃቸውን አልፎ አልፎ ለሠራተኛው በርካሽ ይሸጣሉ። እግሩ የተሰበረ ታጣፊ አልጋ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ ብርጭቆው የረገፈ ፋኖስ በተቆለለበት ጥግ አንዲት ትንሽ ድንኳን ተጠቅልላ ወድቃ አየ። ሸራዋ ድሮ አረንጓዴ ነበረ፤ የስንቱ ቆላ ፀሐይ መጥጧት ወደ ነጭነት ሄዳለች። ከእሱ በቀር የፈለጋት ሰው አልነበረም።

«ምን ልታደርጋት ነው? ዶሮ ልታረባባት?» አለው ዋቅቶላ። ዋቅቶላ ከለኪዎቹ አንዱ ነው፤ የዓመቱን እኩሌታ በድንኳን የሚያድር፣ ከተማ የተገኘ እሑድ ደግሞ ከጸሎት ቤቱ የማይታጣ ሰው።

ዓምሃ የዓመት ፈቃዱን እንጦጦ ላይ ሊያሳልፍ ማሰቡን ነገረው።

«ቤት እያለህ?»

«ቤት እያለኝ።»

«እኛ እንኳ ጫካ የምናድረው አበል ስለሚከፈለን ነው» ብሎ ዋቅቶላ ከልቡ ሳቀ።

ሳቁን ሲጨርስ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሰስት አስተማረው። አልጋ መሸከም ሞኝነት ነው፤ ሰው ባዶ ጆንያ ይዞ ይወጣና እዚያው ደረቅ ሣር ይሞላዋል። ባሕር ዛፍ በሞላበት አገር ቋሚ እንጨት ይዞ የሚሄድም የለም። ዝናብ ባይኖርም በድንኳን ዙሪያ ቦይ መቆፈር ነው፤ ሰማይ አይታመንም። እሳት ከሸራው ራቅ ብሎ፣ ነፋስ ከሚሄድበት በኩል ይነዳል፤ ከሰል ይዞ ድንኳን ውስጥ የገባ ግን ጠዋት አይነሣም። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ አለው ዋቅቶላ፣ ድንኳን ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሳይሞክራት ተራራ የሚወጣ ሰው አትሁን። ቀዳዳዋን እቤትህ እወቀው።

ዓምሃ ፈቃዱን ሁልጊዜ የሚወስደው በጥቅምት ነው። አለቃው ምክንያቱን ጠይቆት አያውቅም። በጥቅምት መስመር ማስመር ስለማይሆንለት ነው፤ እጁ እሺ አይለውም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ታናሽ ወንድሙን ስብሐትን ከቤት የወሰዱት በዚህ ወር ነው። ስብሐት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከቀበሌ ሰዎች መጥተው መገደሉን ለዓምሃ ነገሩት፤ አስከሬን የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም ብለውት ሄዱ። እናትና አባታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ መርዶውን የሚካፈለው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

ያን ሰሞን ጎረቤቱ በሱ በር ማለፍ ሲደርስበት መንገድ እየተሻገረ አለፈ። ዓምሃ አልፈረደባቸውም፤ ቢያንስ ላለመፍረድ ብዙ ደክሟል። ሁሉም ልጅ ነበረው፤ ሁሉም የሚደብቀው ሰው ነበረው። ፍርሃቱ ረገብ ካለም በኋላ ግን ሰላምታው መንገድ ላይ ቀረ። «እንዴት አደርክ» ይሉታል፣ «እግዜር ይመስገን» ይላቸዋል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየበሩ ነው። የእሱን የግቢ በር ከራሱ በቀር የሚከፍተው ሰው አልነበረም። የፈቃድ ሰሞን ቁጭ ብሎ የሌላውን ግቢ ድምፅ ሲያዳምጥ ይውላል፤ ልጅ ሲቆጡ፣ በርበሬ ሲወቅጡ፣ ዕቃ ሲያጥቡ። ዘንድሮ ግን ቤቱም ራሱ ከሱ ጋር መዋል የታከተው መሰለው። ለዚህ ነው ድንኳኗን የገዛት።

እንጦጦንም የመረጠው በስብሐት ምክንያት ነው። ልጆች ሳሉ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ባሻገር የፈረንጆች ቤት መኪና ቆሞ አገኙ፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ መጋረጃ ሳይቀር በውስጡ ያለው። ስብሐት እስኪያባርሩት ድረስ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ አጣብቆ ቆየ። ሲወርዱ፣ ካደገ በኋላ እንዲህ ያለውን እንደሚገዛ፣ ዓምሃንም ሾፌር አድርጎ ቀጥሮ እስከ ሞያሌ እንደሚነዳ ተናገረ። ዓምሃ ታላቅ ስለሆነ፣ እስከዚያው በላስቲክ እንጀምር አለ። በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ገመድ ወጥረው፣ ላስቲክ ጥለውበት፣ ጫፍና ጫፉን በድንጋይ ይዘው፣ ሥሩ ተጋድመው ቆሎ እየቆረጠሙ ስንት ቅዳሜ አሳለፉ። ቤት መኪናው በዚያው ወሬ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዋቅቶላን ምክር ሊፈጽም ድንኳኗን ግቢው መካከል ዘረጋት። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ካለፈ ገና ወር አልሞላውም፤ በየመንገዱ የተቀባው አጥር ይሸታል። ዓምሃ ከጓሮው ሁለት ቋሚ ቆረጠ፣ ገመዱን ወጠረ፣ ካስማውን በድንጋይ መታ። ቦዩን ቆፈረ፣ ጆንያውን ሣር ሞላ። ከዚያ ገብቶ በጀርባው ተጋደመና በቀዳዳዎቹ የሚገባውን ብርሃን እያየ የትኛው በመርፌና ክር፣ የትኛው በእራፊ ጨርቅ እንደሚደፈን ማሰላሰል ያዘ። ብዙ ጊዜ ሆኖታል እንዲህ ያለ የማይጠቅም ነገር አስቦ ደስ ካለው።

የግቢው በር ሲከፈት ሰማ።

አንገቱን ሲያወጣ የአጥር ጎረቤቱ እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ አቶ ታረቀኝ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በር ላይ ደግሞ ሌሎች ሴቶች፣ ግቡ እስኪባሉ እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ እግራቸውን ከደፉ ላይ አሳርፈዋል። ዓምሃ ማን ሞተ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እትዬ ወለተማርያም በዝቅተኛ ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማባቸው የፈሩ በሚመስል አለቃቀስ፣ ስብሐትዬ፣ ልጄን፣ እያሉ መጡና አንገቱን አቀፉት።

ያ ስም በዚያ ግቢ ውስጥ በሌላ ሰው አፍ ሲጠራ ዓምሃ አልሰማም ነበር፤ ስንት ዘመን። ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። ካስማ ሲመታ ሠፈሩ ሰምቷል። ከአጥሩ በላይ የነጣ የድንኳን ጫፍ አይቷል። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዓመቱም ሰባተኛው ነው። ክርስቲያን ለሙቱ ሰባት ዓመቱን ያወጣል። ያን ጊዜ ድንኳን የተከለከለው ሰው ዛሬ በዝምታ፣ ያለ ጡሩምባ፣ ዓይን በማትገባ ትንሽ ድንኳን የወንድሙን ሰባት ዓመት ሊያወጣ ነው ብለዋል። ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ጉለሌ ውስጥ ሰው ሳይሞትና ሳይዳር ግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተክል ማን አለ?

«እትዬ፣ ይቺ ድንኳን እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ተው፣ አንተ አትናገር» አሉት አቶ ታረቀኝ። «የምንናገረው ካለ እኛ ነን።»

ግን እሳቸውም አልተናገሩም። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬት አዩ። ሴቶቹ ለሁለት ሰው በተሰፋችው ድንኳን ውስጥ አጎንብሰው ገቡ፤ አምስት ሆነው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ሣር የሞላውን ጆንያ ተደላድለው ተቀመጡበት። ሌላዋ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ሌላው ከቤቱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ዓምሃ የሚቆምበት ጠፍቶት ከድንኳኗ በር ላይ፣ እኩሌታው ውስጥ እኩሌታው ውጭ ሆኖ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ አልመጣሁም» አሉ እትዬ ወለተማርያም፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ሳል ነበረብህ። በአጥሩ በኩል ስታስል እሰማለሁ። አጥሚት ሠርቼ እስከ በሩ ድረስ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ተመልሼ ራሴ ጠጣሁት።»

ዓምሃን ድንገት ንዴት ያዘው። ደክሞ ደክሞ የቀበረው ፍርድ ሁሉ ከነአፈሩ ተነሣ። ይህ የለቅሶ ድንኳን አይደለም፤ ለሽርሽር ነው የገዛሁት፤ እናንተን ሸሽቼ ልሄድ ነው የገዛሁት፤ በሉ ተነሡ፤ ሊላቸው ነበረ። ይህን ካለ ሁሉም አፍረው እንደሚወጡ፣ ዳግመኛም ያን በር ማንም እንደማይከፍተው አወቀ። ዝም ካለ ደግሞ ልቅሶው ያልታሰበበት፣ በስሕተት የመጣ ልቅሶ ሆኖ ስብሐት ላይ ይቀራል። ሰዎቹ እሱ እንዲያለቅስ እየጠበቁ ነው። እንባ አልመጣለትም። ለመናገር ወሰነ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ።

በሩ እንደገና ተከፈተና የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ደቻሳ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

ደቻሳ የሠፈር ልጅ ነው። ስብሐትን ከወሰዱት መካከል አልነበረም፤ የዚያን ዕለት ግን መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሰው እንዳያልፍ ሲጠብቅ ዓምሃ አይቶታል። አቶ ታረቀኝ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

«ጓድ ዓምሃ፣ የምን ስብሰባ ነው?»

ዓምሃ ለጎረቤቶቹ አሰናድቶት የነበረውን እውነት ለደቻሳ ተናገረው። «ስብሰባ አይደለም። የዓመት ፈቃድ ወስጃለሁ። እንጦጦ ወጥቼ ጥቂት ቀን ላድር ነው። ድንኳኗን እየሞከርኳት ነው።»

«ለምን?»

«ለሽርሽር።»

ደቻሳ የሴቶቹን ነጠላ ተራ በተራ ተመለከተ። «እናንተስ፣ እትዬ?»

«ልናይ ነዋ የመጣነው» አሉ እትዬ ወለተማርያም። «እንዲህ ያለች ድንኳን የት እናውቃለን።»

«እያለቀሳችሁ ነው የምታዩት?»

«ጢሱ ነው፣ ወንድሜ» አለች ከውስጥ አንዷ። በግቢው ውስጥ የነደደ እሳት አልነበረም።

ደቻሳ ወደ ዓምሃ ዞሮ እዚህ ውስጥ እንዴት እንደሚታደር እንዲያስረዳው ጠየቀ። ዓምሃም አስረዳው። ስለ ጆንያውና ስለ ሣሩ ሲናገር ሴቶቹ ከፍ ብለው እንዲያየው አደረጉ። ስለ ቦዩ ሲናገር አቶ ታረቀኝ በከዘራቸው ጫፍ ቦዩን ተከትለው አሳዩ። የዋቅቶላን ቃል አንድ በአንድ ደገመው። ሐዘንተኞቹ እንደ ስብከት ጭጭ ብለው ያዳምጡት ጀመር።

«ብርዱስ?» አለ ደቻሳ። ሸራውን በጣቱ ይዳስሳል።

«ብርድ የሚጎዳው ከሥር እንጂ ከላይ አይደለም። ጆንያው ካልበቃ ከሥሩ ጋዜጣ ይነጠፋል።»

«የትኛው ጋዜጣ?»

እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«የተነበበ» አለ ዓምሃ።

በደቻሳ ከንፈር ጫፍ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ታይቶ ጠፋ። ለመሄድም ለመቀመጥም እንዳልቆረጠ ሰው ጥቂት ቆየ። ንፍሮውን አየ፤ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በዚያ ሰዓት ንፍሮ የሚቀርብበት ቤት እንደሌለ የማያውቅ የሠፈር ልጅ አይደለም። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገና፣ «ሽርሽር ከሆነ ቦታው ተራራው ነው። ነገ ጠዋት እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳላያት» አለ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ማንም ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም። አቶ ታረቀኝ ወደ ዓምሃ ጠጋ ብለው፣ እንዴት ያለ ነገር ፈጠርክ እያሉ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጆንያ፣ ቦይ፣ ጋዜጣ፤ ሰይጣን እንኳ አስቦ አይደርስበትም አሉ። ዓምሃ ውሸት እንዳልሆነ ሊነግራቸው ፈለገና ከምን እንደሚጀምር ጠፋው። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ደቻሳ ራሱ ቦታው ተራራው ነው ብሏል። እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት አንድ አንድ እያልን፣ እንጨት እንደሚገዛ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ሆነን እንወጣለን። እዚያ ማን ከልካይ አለ? ሰባት ዓመቱን እዚያ ታወጣለታለህ። ሴቶቹ በየተራ እንመጣለን አሉ። እትዬ ወለተማርያም የሚተክልበትን ቦታ አስረድቶ እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ እሱም ነገራቸው። ሲወጡ ሁሉም እጁን ጨበጡት።

ዓርብ ጠዋት ድንኳኗን ጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱንና ድስቱን አዝሎ በዊንጌት በኩል ወጣ። ሽቅብ ሲሄድ ከአሁን አሁን መለስ ብሎ ማየት ያምረው ነበር። ከድሮው ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ የእንጨት ተሸካሚዎቹ መንገድ ከሚያልፍበት ገባ ብሎ፣ ዛፎቹ ከነፋስ በከለሉት ሜዳ ላይ ተከላት። ሌሊቱ ብርድ ነበረ፤ ዋቅቶላ እንዳለው ከሥር ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ ቦታውን ጠረገ። ሰው የሚቀመጥባቸውን ድንጋዮች እየተሸከመ አመጣ፤ ለእትዬ ወለተማርያም ሰፋ ያለውን ከድንኳኗ በር አጠገብ አደረገ። ውኃ ቀዳ፣ እሳት አነደደ፣ የንፍሮውን ድስት በጉልቻ ላይ ጣደ። ንዴቱ ትቶታል። ሐሙስ ዕለት በስሕተት መምጣታቸውን ዛሬ በፈቃዳቸው መምጣታቸው እንደሚያርመው ተሰማው። ሲመጡም እውነቱን ይነግራቸዋል፤ ድንኳኗን ለምን እንደገዛት፣ እንዴት ሊጮኽባቸው ደርሶ እንደነበረ። ይሥቃሉ፣ ምናልባት። ከዚያ ስለ ስብሐት ያወራሉ። በየቤቱ ስንት ነገሩን የሚያስታውስ ሰው ይኖር ይሆናል።

ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጣች። በመንገዱ ያለፈውን እግር ሁሉ አዳመጠ። ሁሉም አልፎ የሚሄድ እግር ነበረ።

ወደ ቀትር ላይ ነፋሱ ዞረና ከታች ከከተማው የድምፅ ማጉያ ጩኸት ይዞ መጣ። መጀመሪያ መዝሙር፣ ከዚያ ሰው የሚናገር ድምፅ፣ እንደገና መዝሙር። ቃሉ አይለይም፤ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነም ማወቅ አይቻልም። ስብሰባ ተጠርቶ እንደሆነ ግን ያስታውቃል፤ ስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ ስሙ ይያዛል። ደቻሳ ሆን ብሎ ያደረገው ይሁን፣ ወይም እንዲያው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ዓምሃ ሊያውቅ አልቻለም። ምናልባት የነሱ ቀበሌ ላይሆንም ይችላል። ምናልባት በየቤታቸው ተቀምጠው ሐሙስ የገቡትን ቃል ዓርብ ማታ ፈርተውት ይሆናል። አሁንም አልፈረደባቸውም። ሐሙስ መምጣታቸው ራሱ ስንት ድፍረት እንደጠየቀ አስቦ ለእያንዳንዳቸው ምክንያት ፈለገ፤ አገኘላቸውም። ምክንያቱን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ድንጋዮቹ እንደ ተደረደሩ ነበሩ።

ያን ጊዜ አለቀሰ። እንደ ሐሙሱ ሰው እየጠበቀው ሳይሆን፣ እንባውን የሚጠብቅም፣ የሚመጣለትም ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ሲሆን። ድስቱን ከእሳት ሊያወርድ ጎንበስ እንዳለ ነው የመጣበት፤ እንደ ጎነበሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ለቀቀው።

በመንገዱ ላይ ሁለት ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭነት ተሸክመው፣ ከወገባቸው ጎብጠው ይወርዱ ነበር። ከፊት ያለችው ቆመች። ከዛፎቹ መካከል ነጣ ያለች ድንኳን፣ ከበሯ ላይ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው አየች። ሌላ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም። ጭነቷን ጉቶ ላይ አሳርፋ፣ ገመዱን ከደረቷ ፈታ፣ በትከሻዋ የጠመጠመችውን ነጠላ አዘቅዝቃ መጣችና ከድንኳኗ በር አጠገብ ባለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጓደኛዋ ከመንገዱ ሳትወጣ ጭነቷን ዛፍ ላይ አስደግፋ ቆማ ጠበቀች።

«ማንህ ነው?» አለችው ሴትዮዋ።

«ወንድሜ።»

«ታላቅህ?»

«ታናሼ።»

«እግዜር ያጥናህ» አለች። ቀጥሎ ቀባሪ የት ሄደ፣ ለምን ጫካ ውስጥ ተተከለ ብላ ትጠይቀኛለች ብሎ ጠበቀ። አልጠየቀችውም። የጠየቀችው ሌላ ነው። «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አለችው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዓምሃ ከስሙ ጀመረ። ከዚያ ስብሐት ቀልድ ሲያወራ ሳይጨርሰው ራሱ ቀድሞ እንደሚሥቅ ነገራት። ሻይ ጨርሶ እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ ከብርጭቆው ሥር እንደሚያስቀር፤ ውሻ እንደሚፈራና መፍራቱን ሲነግሩት እንደሚጣላ፤ ታሞ ሲተኛ እግሩን ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅል። ካንዱ ወደ ሌላው ዘለለ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ የረሳውን አረመ። ሴትዮዋ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እህ ትለው ነበር። ሻዩን ሲነግራት ሳቅ አለች፤ የእሷም ልጅ እንደዚያው ነው አለች።

ጓደኛዋ ከመንገድ መሸብን ብላ ተጣራች። ዓምሃ ድስቱ ውስጥ የነበረውን ንፍሮ በእፍኝ በእፍኝ ዘግኖ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረላት፤ ለጓደኛሽም ስጫት አላት። ሸክሙን ከጉቶው ሲያነሣላት ከአሰበው በላይ ከበደው። እሷ ጎንበስ ብላ ገመዱን ደረቷ ላይ አጠበቀች፣ አንድ ሁለት ጊዜ ወዝወዝ አድርጋ አደላደለችውና ወደ መንገዱ ወጣች።

ከድንኳኗ በር ሆኖ ሲወርዱ አያቸው። ከዛፎቹ ጋር ተቀላቅለው ከዓይኑ ከተሰወሩ በኋላ ድምፃቸው ጥቂት ጊዜ ይሰማው ነበር። ጓደኛዋ ማን ሞቶበት ነው ብላ ስትጠይቅ ሰማ።

«ወንድሙ» አለች ሴትዮዋ። «ስብሐት ይባላል።»